የሶማሌ ተራ ነብር

መርካቶ ውስጥ ሰው ወደቀ ቢባል ዞር ብሎ የሚያይ የለም። ነብር አለ ቢባል ግን ከአብነት እስከ አትክልት ተራ ያለው ሕዝብ ሥራውን ጥሎ ይመጣል። ሙህዲን ይህን አሳምሮ ስለሚያውቅ ነው "ለማንም ትንፍሽ እንዳንል" ያለው። ሐሳቡ የእሱ ነበር። የእንስሳት ሐኪሟ ዶክተር ፍሬሕይወት ተስማማች፣ ሾፌሩ ጴጥሮስም አፉን ዘጋ። ኋላ ለፈሰሰው ደም ሁሉ መነሻው ይኸው ዝምታ ሆነ።

ነብሯ የነበረችው ከሶማሌ ተራ ጀርባ ባለ የሸራና የገመድ መጋዘን ውስጥ ነው። ባለመጋዘኑ አቶ አስናቀው ገና ዓይኗን በቅጡ ሳትገልጥ ከአንድ የጭነት መኪና ሾፌር ገዝተው አመጧት። ባለሀብት ደንበኛ ሲመጣ ከኋላ ወስደው እያሳዩ ይኩራሩባት ነበር። ጭለማ ውስጥ፣ በሸራ ጥቅልሎች መሀል፣ በብረት ፍርግርግ ተዘግቶባት አደገች። ሰውየው ባለፈው ክረምት ሞቱ። አርባቸው ሳይወጣ አንድ ቆዳ ነጋዴ መጥቶ ባለቤታቸውን እትዬ ሸዋገነትን "ቆዳዋን እኔ እወስደዋለሁ፤ ለሞራዋም ፈላጊ አለኝ" አላቸው። እትዬ ሸዋገነት ነብሯን አይወዷትም። ባላቸው ለእሷ ሥጋ ሲመርጡ ለቤቱ ሽሮ ይበቃዋል የሚሉ ሰው ስለነበሩ ቂምም አለባቸው። ቢሆንም ግቢያቸው ውስጥ ተገድላ ስትገፈፍ ማየት አልሆነላቸውም፤ ሰው አጠያይቀው ወደ ዱር እንስሳት መጠለያው ደወሉ።

መጠለያው ከከተማው ወጣ ብሎ ዳገት ላይ ነው። ከወጥመድ የተረፉ፣ ከነጋዴ እጅ የተቀሙ እንስሳት ይገቡበታል። ጫካ መመለስ የሚችለው ይመለሳል፤ የማይችለው እዚያው ይጦራል፣ ቢቻልም ይራባል። ከማይመለሱት አንዱ የፊት እግሩን ሽቦ የቆረጠው ወንድ ነብር ነበር። እሱ የመጣበት ጫካ አሁን ዛፍ እንጂ ነብር የለበትም፤ አድነው ጨርሰዋቸዋል። ዶክተር ፍሬሕይወት የምትመኘው አንድ ነገር ነው፤ ሴት ተገኝታለት፣ ወልደው፣ ግልገሎቹን ወደዚያ ጫካ መመለስ። ወንዱን የሚመግበው ሙህዲን ነው። ነብሩ ሲመሽ እየደጋገመ ይጣራል፤ የሚመልስለት የለም። ሙህዲን ጎጆው ውስጥ ሆኖ ያንን ጥሪ ሲሰማ ውስጡ ይንገበገብ ነበር። ስለዚህ የእትዬ ሸዋገነት ስልክ ሲመጣ እንደ ሙሽራ አምጪ ነው የተነሳው። ያቺ ነብር በሕይወት ከመርካቶ መውጣት አለባት፤ ሌላ ሐሳብ በልቡ አልነበረም።

ደግሞ መርካቶን ያውቃታል። ጎረምሳነቱን የጨረሰው ሶማሌ ተራ በጫኝና አውራጅነት ነው፤ የወጣውም ወገቡ እምቢ ሲለው ነው። የተራው ሕግ በወረቀት የተጻፈ ባይሆንም የሚያፈርሰው የለም። እዚያ የሚገባና የሚወጣ ጭነት ያለተራው ልጆች እጅ አይነሳም። ባለንብረቱ የገዛ ልጆቹን ይዞ ቢመጣ እንኳ ቆሞ ማየት ነው ድርሻው። የተራው ልጅ አንዴ እጁን ያሳረፈበት ዕቃ ደግሞ መኪና ላይ እስኪወጣ ድረስ የተራው አደራ ነው፤ ብርጭቆ ቢሆን አይሰበርም፣ ዘራፊ ቢመጣበት በደም ይመለሳል። በዚህ ሕግ የተነሳ ስንት ሰው ተፈንክቷል። ሙህዲን ራሱ በአንድ ወቅት የአብነት ልጆች ስኳር ሊጭኑ ሲመጡ የአንዱን እግር ሰብሯል፤ በዚያው ቀን የእሱም ሁለት ጥርስ እዚያው አስፋልት ላይ ቀርቷል። ጎኑ ቆሞ ሲደባደብ የዋለው ሐምዱ ነበር፤ ዛሬ የተራው አለቃ የሆነው ሐምዱ። ሙህዲን "ሐምዱ ካለ እኔን አይከለክለኝም" ብሎ አሰበ። ሰውን የሚያጠፋው እንዲህ ያለው እርግጠኝነት ነው።

እሑድ ማለዳ ሄዱ። ሱቆቹ ዝግ ናቸው፤ የቅዳሜው ካርቶንና ላስቲክ አስፋልቱ ላይ ተበትኗል። ዶክተር ፍሬሕይወት ነብሯን በማደንዘዣ ቀስት ወጋቻት፤ ስትዝለፈለፍ ጎትተው በጎንና በጎኑ ፍርግርግ ባለው የብረት ሳጥን ውስጥ አስተኟት። ከላይ በሸራ ጠቅልለው በገመድ አሰሩት።

"ካልረበሽናት መጠለያው ድረስ ትተኛለች" አለች ዶክተሯ። "ጩኸት ከሰማች ግን ልትነቃ ትችላለች፤ እኔንም አታስዋሹኝ።"

የመጋዘኑ መግቢያ ጠባብ ስለሆነ የመጠለያው መኪና፣ ኢሱዙዋ፣ ከመንገዱ ማዶ ቆማለች። ሙህዲን፣ ጴጥሮስና ሁለት የመጠለያው ሠራተኞች ሳጥኑን ተሸክመው ወጡ። ከበሩ እንደወጡ ሐምዱንና ልጆቹን አገኟቸው፤ ጥጉ ላይ ከቆመ ተሳቢ ጎማ እያወረዱ ነበር።

"ሙህዲን? አንተ ሰውዬ፣ ጠፋህ እኮ" አለ ሐምዱ። አጭር፣ አንገተ ደንዳና ሰው ነው። ጎማውን ለቀቀና እየሳቀ መጥቶ ትከሻ ለትከሻ ተሳሳሙ። ሙህዲን በአንድ እጁ ሳጥኑን እንደያዘ ነው።

"አለሁ፣ አልሐምዱሊላህ። እናንተስ?"

"እኛማ ምን እንሆናለን፣ ይኸው ነን።" ዓይኑ ሸራው ላይ አረፈ። "ምንድነው?"

"ጀነሬተር።"

"እሺ። ልጆች፣ ኑ አንሱ።"

"ተዋቸው ሐምዱ፤ እኛው እናወጣዋለን። ቅርብ ነው።"

የሐምዱ ሳቅ ቆመ። ከኋላው ጎማ የሚያወርዱት ልጆች አንድ በአንድ ሥራቸውን አቁመው ቀና አሉ።

"እናንተው?"

"ዛሬን ብቻ። በወንድምነት።"

"በወንድምነት ከሆነ እኔ ልሸከምልህ እንጂ አንተ በተሰበረ ወገብህ ለምን ትሸከማለህ?"

ሙህዲን ሳጥኑን በሁለት እጁ አጥብቆ ያዘ። ነብር ነው ቢል ሐምዱ ራሱ ሸሽቶ መንገድ ይለቅ ነበር። ግን ያ ቃል ከወጣ ሐምዱ ዘንድ ብቻ አይቀርም፤ ጎማ የሚያወርዱት አሥር ጎረምሶች ይሰሙታል፣ ከዚያ መርካቶ በሙሉ። ስለዚህ ዋጠውና የባሰውን ተናገረ።

"የእጃችሁን ዋጋ እሰጣችኋለሁ። ብቻ አትንኩት፣ አርፋችሁ ቁሙ።"

ይህቺን ባይናገራት በተሻለው። የተራ ልጅ ዋጋ ሲጨምርብህ ልታኮርፍ ትችላለህ፤ ሳትሠራ ውሰድ ካልከው ግን ለማኝ ነህ ብለኸዋል።

"ልትመጸውተኝ ነው?" አለ ሐምዱ ቀስ ብሎ። "አንተ? እዚህ ጋ ጥርስህን የለቀምኩልህ ሰውዬ?"

"ሐምዱ፣ ስማኝ ..."

አልሰማውም። በቴስታ አለው። የሙህዲን አፍንጫ ሲሰበር ድምፁን ጴጥሮስም ሰምቶታል። ሳጥኑ ወደ አንድ ጎን አዘነበለ፤ ሁለቱ ሠራተኞች ሊያቀኑት ሲታገሉ የተራው ልጆች ደረሱ። አንዱን በዱላ ማጅራቱን ብለው ዘረሩት። ጴጥሮስ ሲጋፈጥ ሆዱን በጉልበት መቱትና ተጣጥፎ ወደቀ፤ እንደወደቀም በጫማ ተቀባበሉት። ሙህዲን ደሙን እየዋጠ አንዱን ኮሌታውን ጨምድዶ ከግድግዳ አላተመው። ወገቡ ቀረ እንጂ እጁ ገና የተራ እጅ ነው። ዶክተር ፍሬሕይወት "ኧረ በፈጠራችሁ ዝም በሉ፣ አትጩኹ" እያለች በመሀል ትሯሯጣለች። በድብድብ መሀል ዝም በሉ የሚል ሰው ታይቶ ስለማያውቅ አንዳንዱ ሳቀባት።

ሳጥኑ መሬት ተፈጥፍጦ በጎኑ ተኛ።

ሐምዱ ድብድቡን ለልጆቹ ትቶ ወደ ሳጥኑ ሄደ። በእሱ ተራ የወደቀ ዕቃ መነሳት አለበት፤ እሱ የሚያውቀው ይህንን ነው። ተንበረከከ፣ ሸራውን ገለጥ አድርጎ የሚይዘው ብረት ፍለጋ ቀኝ እጁን እስከ ክርኑ ወደ ውስጥ ሰደደ።

"ሐምዱ፣ ተው" አለ ሙህዲን።

ከሸራው ሥር የወጣው ድምፅ ሁሉንም አቆማቸው። ሐምዱ መጀመሪያ አልጮኸም፤ ፊቱ ብቻ እንደ አመድ ሆነ። ከዚያ በሙሉ አካሉ ወደ ሳጥኑ ተሳበና ትከሻው ከፍርግርጉ ጋር ተላተመ። አንዱ ልጅ ሸራውን ሲገፈው ነብሯ ታየች። በግማሽ ሰመመን ውስጥ ናት፤ ዓይኗ ጭጋግ አለበት፤ የሐምዱን ክንድ ግን ከክርኑ በታች ጥርቅም አድርጋ ይዛለች፣ በፊት እግሯ ጥፍር ደግሞ ሥጋውን ወደ ራሷ ትቦጭቃለች። ደሙ በብረቱ ወለል ላይ ተንጣለለ።

ጀማለዲን የሚባል የሐምዱ አክስት ልጅ ከተሳቢው ላይ ፌሮ ብረት አንስቶ መጣ። ጫፉን በፍርግርጉ መሀል ወደ አንገቷ አነጣጠረ። እዚህ ላይ ነው ሙህዲን ዘሎ ፌሮውን የያዘው። ጀማለዲን በድንጋጤ አየው፤ ከዚያ ፊቱን በቡጢ መታው፣ ደገመው። ሙህዲን አለቀቀም።

"ብትወጋት ይብስ ትጨብጣለች" እያለ ይጮህ ነበር። "አትውጋት፣ ይብስ ትጨብጣለች።"

እውነት ይሁን አይሁን እሱም አያውቅም። አንዲት ነብር ተወግታ ስትለቅም ሆነ ስትጨብጥ አይቶ አያውቅም። ሐምዱ ግን ጉንጩ ከብረቱ ተጣብቆ፣ ዓይኑ ፍጥጥ ብሎ፣ ወንድሜ ያለው ሰው ፌሮውን ሲይዝበት አየ።

ዶክተር ፍሬሕይወት በሌላው ጎን ተንበርክካ የማደንዘዣ መርፌውን በእጇ የነብሯ ታፋ ውስጥ ሰካችው። መድኃኒቱ እስኪሠራ ያለፈው ጊዜ ለማንም አይስጠው። ሐምዱ በመጨረሻ ጮኸ፤ እናቱን ነበር የጠራው። ነብሯ ቀስ በቀስ መንጋጋዋ ሲላላ እጁን አወጡለት፤ ከክርኑ በታች ያለው እጅ መሆኑ የሚታወቀው ጣቶቹ ስላሉበት ብቻ ነበር። ሙህዲን ቀበቶውን ፈትቶ ከክርኑ በላይ አሰረለት። ሐምዱ ሲነካው ፊቱን አዞረበት።

ያኔ ነው መርካቶ የመጣችው። "ነብር" የሚለው ቃል በየጓሮው ደርሶ ኖሮ፣ እሑድ ነው የተባለው ሰፈር ከየት እንደመጣ በማይታወቅ ሰው ተሞላ። "ሰው በልታለች" አለ አንዱ። "ሁለት ሰው" አለ ከኋላው ያለው። ጥጉ ላይ ሲደርስ አምስት ሆኗል። የመጀመሪያው ድንጋይ ሳጥኑን አንኳኳው፣ ሁለተኛው የዶክተሯን ትከሻ አገኘው። አንዱ ቤንዚን የያዘ ጀሪካን እያንጠለጠለ ሰውን ይገፈትራል፤ "አቃጥሏት" የሚለው ድምፅ ከየአቅጣጫው ይመጣል። ከሰውየው ራቅ ብሎ የቆመ ሌላ ደግሞ "ቆዳዋን ታበላሻላችሁ፣ በድንጋይ ግደሏት" እያለ ይመክራል። አንድ ፖሊስ እየተጋፋ ደርሶ ክላሹን ወደ ሳጥኑ አቀባበለ። በእሱ አይፈረድም፤ የሚታየው የተበላ ሰውና ነብር ነው።

ሙህዲን ሳጥኑ ላይ በደረቱ ተኛበት። ድንጋዩ ጀርባውን፣ ያንኑ የታመመ ወገቡን ይወርደው ጀመር። አለቀሰ፤ አላፈረበትም። ደክሞት ነበር፣ እሷም ልትሞት ነበር፣ ሐምዱም በእሱ ምክንያት እጁን አጥቷል፤ ይህ ሁሉ በአንድ ማለዳ።

"ጫኑ" የሚል ድምፅ ሰማ።

ሐምዱ ነው። የተሳቢውን ጎማ ተደግፎ ተቀምጧል፤ ከንፈሩ ነጥቷል። ልጆቹ የሰሙትን አላመኑም።

"ሐምዱ፣ እጅህን እኮ ..." አለ ጀማለዲን።

"እጄን አያለሁ። ዕቃው ላይ እጃችን አርፏል ወይስ አላረፈም?"

ጀማለዲን ፌሮውን ዝቅ አደረገ።

"የተራው ጭነት ናት። በእኛ እጅ ዕቃ ተሰብሮ ያውቃል? ጫኑ ብያለሁ።"

ከዚያ በኋላ የሆነውን ሶማሌ ተራ ዛሬም ያወራዋል። ልጆቹ ለሁለት ተከፈሉ። ግማሹ ሳጥኑን ከነሙህዲን አነሳው። የቀረው ዱላውን ይዞ ሕዝቡ ላይ ተለቀቀ፤ በየቀኑ ሻይ የሚያጠጣውን፣ ሲጃራ በዱቤ የሚሰጠውን፣ ጎረቤቱን ሁሉ ሳይመርጥ ወገረው። የጀሪካኑን ሰውዬ ክንዱን ሰብረው ቤንዚኑን ቦይ ውስጥ ደፉት። ስለ ቆዳዋ ሲመክር የነበረው ጥርሱን ተፋ። ጀማለዲን ያንኑ ፌሮ እንደያዘ ከክላሹ አፈሙዝ ፊት ቆመና ፖሊሱን "እኔን ነው የምትመታው" አለው። ፖሊሱ አየው፤ ነብሯንም አየ፤ መሣሪያውን ወደ ሰማይ አዙሮ ተኮሰ። ሕዝቡ ወደ ኋላ ሲል ሳጥኑ ኢሱዙዋ ላይ ወጣ፣ ሳይንኳኳ ተቀመጠ።

ሌላ መኪና ስላልነበረ ሐምዱንም እዚያው ጫኑት። ጴጥሮስ አንድ ዓይኑ አብጦ እየነዳ፣ ሐምዱ እጁን ከነከሰችው ነብር ጎን ተጋድሞ፣ ሆስፒታል ደረሱ። በመንገድ ላይ ሙህዲን ራሱን ጭኑ ላይ አስደግፎ ብዙ ነገር ተናገረው፤ ሐምዱ አንዲት ቃል አልመለሰለትም።

እጁ ከክርኑ በላይ ተቆረጠ። ሙህዲን ምግብ ይዞ ሲሄድ ሐምዱ ወደ ግድግዳው ይዞራል፤ ምግቡም እንደተከደነ ይመለሳል። የተራው አለቅነት ወደ ጀማለዲን ዞረ። አንድ እጅ ያለው ሰው ተሳቢ ሥር ቆሞ ምን ይሠራል።

ነብሯ ዳነች። ከወንዱ ጋር መጀመሪያ በአጥር ተያዩ፤ ኋላ አጥሩ ተነሳ። ማታ ማታ የሚጣራው ነብር መልስ አገኘ። ሙህዲን ግን ያንን ሲሰማ እንዳሰበው አልተደሰተም። ደስታው ሲመጣ የፌሮው ቅዝቃዜም አብሮ በእጁ ይመጣበታል።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሐምዱ መጠለያው በር ላይ ቆሞ ተገኘ። ንጹሕ ኮት ለብሷል፣ የቀኝ እጅጌውን ኪሱ ውስጥ ከቶታል። ሙህዲን እየሮጠ ወጥቶ ሊያቅፈው ሲል በግራ እጁ ከለከለው።

"ላያት ነው የመጣሁት።"

ሙህዲን ተመልሶ በሩ መሀል ቆመ። "አትታይም ሐምዱ። ወልዳለች፣ ሁለት። ከውስጠኛው አጥር ማንም አያልፍም። እኔ ራሴ ሥጋውን በቀዳዳ ጥዬ ነው የምመለሰው።"

"እኔ ማንም ነኝ?"

"አይደለህም። ግን አላስገባህም።"

ሐምዱ አንድ እርምጃ ቀረበው። "ፌሮውን ለምን ያዝክበት?"

ይህን ጥያቄ ሙህዲን በልቡ ሲመልስ ኖሯል፤ መልሱ ሁልጊዜ "ብትወጋት ይብስ ትጨብጣለች" የሚል ነበር። ሰውየውን ፊት ለፊት ሲያየው ግን ቃሉ አልወጣ አለው።

"እሷ እንዳትሞት ነው" አለ። "ያንተን እጅ አላሰብኩም። ያን ሰዓት ያሰብኩት እሷን ብቻ ነው።"

ሐምዱ በጥፊ መታው። ግራው ነው፤ ነገር ግን ዕድሜ ልኩን የተሸከመ ግራ ነው፤ ሙህዲን በጉልበቱ ወረደ። ዘበኛው ሊሮጥ ሲል ሙህዲን ከመሬት ሆኖ እንዲመለስ በእጁ ምልክት ሰጠው። ሐምዱ ደገመው። ሦስተኛ አነሳና እጁ አየር ላይ ቀረ፤ ከዚያ ትንፋሹ እየተቆራረጠ አጠገቡ ሳሩ ላይ ተቀመጠ። ሁለቱም ወደ አጥሩ ተመለከቱ። ከማዶ ዛፍ እንጂ የሚታይ ነገር አልነበረም።

"ለሰው ካልታየች ለምንድነው የምታስቀምጧት?" አለ ሐምዱ።

"ለመታየት አይደለም። ግልገሎቹ ሲጠነክሩ ጫካ ይገባሉ። ሰው ካዩ፣ ሰው ካበላቸው፣ ይለምዳሉ፤ ኋላ መንደር ይጠጉና ይገደላሉ። ሰውን ፈርተው ማደግ አለባቸው።"

ሐምዱ ባዶውን እጅጌ ከኪሱ አውጥቶ ጭኑ ላይ አስተካከለው።

"ለዚህ ከሆነ አጥር አያስፈልጋችሁም ነበር" አለ። "እናትየው ትንገራቸው። እሷ ታውቀናለች።"

ተነሳና ኮቱን አራገፈ። ሙህዲን ከንፈሩን በእጅጌው እየጠረገ እስከ አስፋልቱ ሸኘው፤ አውቶቡሱ እስኪመጣም አብረው ቆሙ።